ፈንክሽኑ ተፈጠረ ማለት ትክክል ነው ማለት አይደለም

ተረት፦ ዳታቤዙ ፈንክሽኑን ያለ ኤረር ከተቀበለው መርምሮታል ማለት ነው።

እውነታ፦ በፖስትግሬስ ምርመራው ፈንክሽኑ እንደተጻፈበት ቋንቋ ይለያያል። ብዙዎቻችን የምንጽፍበት ፒኤል ፒጂኤስኪውኤል ሲፈጠር የሚታይለት ሰዋስዉ ብቻ ነው፤ ሴሚኮለን ጎድሎ ወይም «ኢንድ ኢፍ» ተረስቶ እንደሆን። ውስጡ የተጠራው ቴብል መኖር አለመኖሩን የሚጠይቅ የለም።

ክፍያ የሚመዘግብ ፈንክሽን አለ እንበል። ገንዘቡ ከ100,000 ብር ሲበልጥ «ኦዲት_ሎግ» ላይም መጻፍ አለበት፤ ጸሐፊው ግን ተሳስቶ «ኦዲት_ሎጎ» ብሎታል። ይፈጠራል። በ500 ብር ሲሞከርም ያለችግር ይሠራል፤ በ«ኢፍ» ውስጥ ያለችው መስመር ተራዋ እስኪደርስ አትተነተንምና። ትልቁ ክፍያ የመጣ ዕለት «እንዲህ ያለ ቴብል የለም» ይላል፤ ኤረሩን የሚይዝ ኮድ ከሌለም ክፍያው ራሱ አብሮ ይሰረዛል። «አንዴ አስኪጄዋለሁ፣ ይሠራል» የሚባለውም ተረት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቴብሉን ሲፈጠር አለመመርመሩ ግን የዳታቤዙ ስንፍና አይደለም። ፈንክሽኑ ራሱ ጊዜያዊ ቴብል ፈጥሮ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ቴብሉ አስቀድሞ ይኑር ቢባል ትክክለኛው ኮድም ውድቅ ይሆን ነበር።

ተረት፦ በኤስኪውኤል የተጻፈውም ያው ነው።

አይደለም። እዚያ ቴብሉም ኮለሙም ሲፈጠር ይታያል። ኋላ ኮለሙን ብታጠፉት ግን የሚከለክላችሁ የለም፤ የፈንክሽኑ አካል የተቀመጠው እንደ ተራ ጽሑፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ቅጽ 14 ወዲህ «ቢጊን አቶሚክ» ብሎ የጻፈ ሰው ዳታቤዙ ጥገኝነቱን ይመዘግብለታል፤ ኮለሙ በዋዛ አይጠፋም። በእኔ አስተያየት ይህ አጻጻፍ የሚገባውን ያህል አልተለመደም።

ተረት፦ ባክአፑ በሰላም ከተመለሰ ፈንክሽኖቹም ደህና ናቸው።

የፖስትግሬስን ባክአፕ የሚያወጣው ፒጂ ደምፕ የሚጽፈው ፋይል ገና ከመግቢያው «ቼክ ፈንክሽን ቦዲስ» የተባለውን ቅንብር ያጠፋል፤ ፈንክሽኑ የሚጠራው ቴብል ገና ላይመለስ ይችላልና። ስለዚህ ያቺ የሰዋስው ምርመራ እንኳ ትቀራለች።

ኦራክል ደግሞ የተበላሸውንም ይፈጥረዋል፤ «ኢንቫሊድ» ብሎ ምልክት ያደርግበትና ስህተቱን «ዩዘር ኤረርስ» ላይ ያኖረዋል። ማየት የእናንተ ፋንታ ነው።

ለፖስትግሬስ «ፒኤል ፒጂኤስኪውኤል ቼክ» የሚባል ተጨማሪ መሣሪያ አለ። ፈንክሽኑን ሳያስኬድ ቅርንጫፎቹን ሁሉ ያያል፤ «ኦዲት_ሎጎ»ም አያመልጠውም። በ«ኤክስኪዩት» እየተገጣጠመ የሚላክ ኤስኪውኤል ግን ብዙ ጊዜ ከዓይኑ ውጭ ነው፤ እሱን በ150,000 ብር ሞክሮ ማየት ይሻላል።