ለሥራ የሚሆን የጆሮ ማዳመጫ እንዴት ይመረጣል?

በከተማችን ዛሬ ዛሬ ሠርግም ሆነ ልደት፣ ክርስትናም ሆነ የተማሪ ምርቃት ያለ ቪዲዮ የሚያልፈው ጥቂት ነው። ይህንኑ ሥራ መተዳደሪያቸው ያደረጉ ወጣቶችም ብዙዎች ናቸው። አብዛኞቹ የሚሠሩት ስቱዲዮ ተከራይተው ሳይሆን በወላጆቻቸው ቤት፣ በአንድ ክፍል ጥግ፣ በአንድ ኮምፒዩተር ነው። ልጅ «እማዬ፣ ለሥራዬ ማዳመጫ ግዢልኝ» ሲል ወይም ስትል፣ ብዙ እናቶች ጥያቄውን እንደ መዝናኛ ዕቃ ይቆጥሩታል፤ አለዚያም በመጀመሪያ ያገኙትን ርካሽ ዕቃ ገዝተው ይሰጣሉ። ሁለቱም ለጉዳት እንደሚዳርግ ከዚህ በታች ያለው ታሪክ ያስረዳል።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት በልብስ ስፌት ይተዳደራሉ። የስፌት መኪናቸው ባለበት ክፍል ውስጥ ልጃቸው የሠርግ ቪዲዮ ታቀናብራለች። ልጅቷ ሥራውን ስትጀምር የነበራት ከመንገድ ዳር በርካሽ የተገዛ፣ ከበሮውን ደረት ድረስ የሚያሰማ ማዳመጫ ነበር። እናትየዋም «ይህን ያህል ከጮኸ ምን ጎደለው?» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን አስቀድማ ያስረከበችውን ቪዲዮ ይዘው የሙሽራዋ እናት መጡ። «እህቴ፣ የአባቴ ምርቃት ጠፋብኝ» አሉ። በሠርጉ ዕለት የመረቁት የሙሽራዋ አያት ብዙም ሳይቆዩ አርፈው ኖሯል። ቤተሰቡ በቴሌቪዥን ዙሪያ ተሰብስቦ ድምፃቸውን ለመስማት ሲጓጓ፣ የሰማው በቆርቆሮ ውስጥ የሚናገር የመሰለ የሳሳ ድምፅና የማያቋርጥ ሽሽታ ብቻ ሆነ።

ጥፋቱ የልጅቷ ስንፍና አልነበረም። ማዳመጫዋ ወፍራሙን ድምፅ ከልክ በላይ አጉልቶ ስለሚያሰማት፣ የሽማግሌው ድምፅ የበዛ መስሏት ቀነሰችው። ቀጭኑን ድምፅ ደግሞ አፍኖ ስለሚያሰማት፣ ሽሽታው መኖሩን አላወቀችም። እናትየዋ ነገሩ የገባቸው በራሳቸው ሙያ ሲመነዝሩት ነው። «ለካስ በተሳሳተ ሜትር ስትለኪ ነው የከረምሽው» አሏት።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ለመዝናኛ የሚሆን ማዳመጫ ጆሮን ቢያስደስት ይበቃዋል። ለሥራ የሚሆን ግን ያለውን ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ ማሰማት አለበት። የሰው ጆሮ የሚሰማው በግምት ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ሲሆን፣ ዕድሜ ሲገፋ የላይኛው ይቀንሳል። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ «እስከ 40,000 ኸርዝ» ተብሎ ቢጻፍ የጥራት ማረጋገጫ አይሆንም። ዋናው ነገር የምንሰማውን ድምፅ ሚዛኑን ጠብቆ ማሰማቱ ነው።

ሲገዙ በመጀመሪያ የሚታየው ቅርጹ ነው። ጀርባው ዝግ የሆነ ማዳመጫ ጆሮን ከቦ የውጭውን ድምፅ ይቀንሳል፤ የውስጡም ወደ ውጭ ብዙ አይወጣም። ጀርባው ክፍት የሆነው ለጸጥተኛ ክፍል ጥሩ ነው፤ ሕፃን በተኛበት ወይም የስፌት መኪና በሚንኳኳበት ቤት ግን አይመችም። ጠባብ ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ዝጉን መምረጥ ይበጃል።

ሁለተኛው የገመዱ ጉዳይ ነው። በብሉቱዝ የሚሠራ ማዳመጫ ለመንገድና ለስልክ ምቹ ቢሆንም፣ ድምፁ ከምስሉ ጥቂት ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል። የተናጋሪን ከንፈር ከድምፁ ጋር ለማስተካከል ለሚደክም ሰው ይህች ጥቂት መዘግየት ሥራ ታበላሻለች። ስለዚህ ለቅንብር ባለገመዱ ይመረጣል። በየጊዜው የሚሞላ ባትሪ ስለማያስፈልገው መብራት ሲቆራረጥም አያስቸግርም። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ አዳዲስ ስልኮች የማዳመጫ ቀዳዳ ስለሌላቸው፣ በስልክ ለሚሠራ ሰው ማገናኛ መግዛት ግድ ሊሆን ነው።

ሦስተኛው በኦም የሚገለጸው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ማዳመጫው ከስልክ ወይም ከኮምፒዩተር የሚያገኘው ኃይል ላይበቃው ይችላል። ለምሳሌ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ የተባለው የጀርመን ማዳመጫ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ተሠርቷል። መልካቸው አንድ ይምሰል እንጂ፣ ባለ 250ው ያለ ማጉያ ድምፁ ሊያንስ ይችላል። በቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ዝቅተኛው ይስማማዋል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ውድ ሁሉ ጥሩ አይደለም፤ የዋጋው ከፊል የሚሄደው ለጌጡና ለስሙ ነው። የውጭ ድምፅን በባትሪ ኃይል ለሚያጠፋ መሣሪያ ተጨማሪ መክፈልም ለቅንብር ሥራ ግድ አይደለም። በባለሙያዎች ዘንድ ስም ካተረፉት መካከል ሶኒ ኤምዲአር-7506 እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ሲሆን፣ በአሜሪካ ገበያ በ100 ዶላር አካባቢ ሲሸጥ ቆይቷል። ከዚህ ዝቅ ባለ ዋጋ ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤቲኤች-ኤም20ኤክስ ለጀማሪ ይበቃል። ሁለቱም ጀርባቸው ዝግ፣ ገመዳቸው የማይነቀል ነው። የዚሁ የኦዲዮ-ቴክኒካ ኤም40ኤክስ ግን ገመዱ ስለሚነቀል፣ ቢበጠስ ገመዱን ብቻ መለወጥ ይቻላል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያላቸው እናቶች «ጥሩ ማዳመጫ አምጪልኝ» ከማለት ይልቅ ሙሉ ስሙንና ቁጥሩን ጽፈው ቢልኩ ከስህተት ይድናሉ።

ከመርካቶም ይሁን ከሌላ ሱቅ ሲገዙ ሳይሞክሩ አይክፈሉ። ልጅዎን ይዘው ይሂዱ፤ በስልክዎም ላይ በደንብ የሚያውቁትን አንድ ዘፈንና የቤተሰብ ሰው የተናገረበትን አንድ ቅጂ ይያዙ። በዘፈኑ ውስጥ ክራሩ፣ ማሲንቆውና ከበሮው እየተለዩ ይሰሙ እንደሆነ ያዳምጡ። የተናጋሪው ድምፅ የምታውቁትን ሰው መምሰሉን፣ ወደ አንድ ጆሮ ሳያዘነብል ከመሐል መሰማቱንም አረጋግጡ። ገመዱን ከመሰኪያው አጠገብ ቀስ ብለው ሲያነቃንቁት ቢንጫጫ ይተዉት። አሥር ደቂቃ ያህል ጭንቅላት ላይ አቆይተውት ጆሮን የሚጫን ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ሊሠራበት አይችልም። የጆሮ ትራሱ ሲያልቅ የሚለወጥ መሆኑንም ይጠይቁ። ታዋቂ ስም የተለጠፈበት ዕቃ እጅግ ከረከሰ፣ የጽሕፈቱ ፊደል ከተዛባ ወይም ሻጩ ደረሰኝ አልሰጥም ካለ፣ አስመስሎ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ይጠንቀቁ።

ከሁሉ በላይ ግን የጆሮ ጤና አለ። የጎረቤቴ ልጅ የእናቷን መኪና ድምፅ ለመሸፈን ስትል ድምፁን ከፍ አድርጋ ስለምትሠራ፣ ማታ ስትተኛ ጆሮዋ ይጮህባት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት እስከ 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል፣ ለሕፃናት ደግሞ ለዚያው ሰዓት 75 ዴሲቤል እንዳይታለፍ ይመክራል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ደግሞ 10 ሰዓት ብቻ ይሆናል። መለኪያ ለሌለው ሰው ድርጅቱ የሚሰጠው ቀላል ምክር፣ ድምፁን ከመሣሪያው ከፍተኛ መጠን ከ60 በመቶ በታች ማድረግ ነው። በየመሐሉ ማረፍም ይገባል። በውስጥ ጆሮ ያሉ ድምፅ ተቀባይ ሴሎች አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። የጆሮ ጩኸቱ የማይተው ከሆነ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ወደ ጎረቤቴ ታሪክ እንመለስ። ደግነቱ ልጅቷ የመጀመሪያውን ቅጂ ከኮምፒዩተሯ አላጠፋችውም ነበር፤ ይህም ለማንኛውም አቀናባሪ ሊረሳ የማይገባ ልማድ ነው። ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ደህና ማዳመጫ ተውሳ፣ ሁለት ሌሊት ቁጭ ብላ ምርቃቱን እንደገና አቀናበረችው። ሽሽታው ጨርሶ ባይጠፋም ቀነሰ፤ የሽማግሌውም ድምፅ ወፍራምነቱን አገኘ። የሙሽራዋ እናት እዚያው ስፌት ቤቱ ውስጥ ቆመው ሰሙትና ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «አዎ፣ የአባባ ድምፅ ነው» ብለው ቪዲዮውን ተቀብለው ሄዱ።

እናትየዋም እቁባቸው ሲወጣ ከስፌት መኪናቸው ዕድሳት በፊት ዝግና ባለገመድ የሆነ አንድ ማዳመጫ ገዙ። ዛሬ ልጅቷ ድምፁን ዝቅ አድርጋ፣ እሳቸውም መኪናቸውን ሳያቆሙ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ አብረው ይሠራሉ። ስለዚህ ውድ እናቶች፣ ልጆቻችሁ ማዳመጫ ሲጠይቋችሁ በመጀመሪያ «ለምን ሥራ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ እንጀራ የሚያበላ ሥራ ከሆነ፣ ዕቃውንም እንደ መቀስና እንደ ሜትር አስተውላችሁ ምረጡት።