ዲናሞው ነው ወይስ ባትሪው?

የመኪና ዲናሞ ወይም አልተርኔተር የሞተሩን መሽከርከር ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ማሽን ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው ባትሪው ነው፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ግን ካንዴላውን፣ የነዳጅ ፓምፑን፣ መብራቱንና ቴፑን የሚቀልበው ዲናሞው ነው፤ ባትሪው ያወጣውን የሚመልስለትም እሱ ነው። ስለዚህ ዲናሞ ሲበላሽ መኪናው እዚያው አይቆምም። ባትሪው ያጠራቀመውን እየሰጠ የተወሰነ መንገድ ያስኬደዋል፤ ከዚያ መብራቱ ይፈዛል፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። ባለመኪናው የሚያገኘው የሞተ ባትሪ ስለሆነ የሚገዛውም ባትሪ ይሆናል፤ አዲሱም ባትሪ በጥቂት ቀን ውስጥ የአሮጌውን ዕጣ ይከተላል። የዚህ ተቃራኒም አለ። ባትሪው አርጅቶ ወይም ገመዱ ዝጎ ጤነኛ ዲናሞ ተፈቶ ይጣላል።

በዲናሞው ውስጥ ሁለት የመዳብ ሽቦ ጥቅሎች አሉ። መሐል ላይ የሚሽከረከረው ጥቅል፣ በዘንጉ ላይ ባሉ ሁለት ቀለበቶች ላይ በሚንሸራተቱ ካርቦኖች በኩል ጥቂት አምፒር ይቀበልና ማግኔት ይሆናል። ይህ ማግኔት በቺንጋ እየተጎተተ፣ ከሞተሩ በሁለት ተኩል ወይም በሦስት እጥፍ ፍጥነት ሲዞር፣ ዙሪያውን ቆሞ በሚጠብቀው ጥቅል ውስጥ ባለ ሦስት ፌዝ ተለዋዋጭ ከረንት ይፈጠራል። ባትሪ ተለዋዋጭ ከረንት መቀበል ስለማይችል ዳዮዶች፣ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት፣ ወደ ቀጥተኛ ይለውጡታል። ሬጉሌተር የሚባለው ክፍል ደግሞ ለማግኔቱ የሚሄደውን ከረንት እየቀነሰና እየጨመረ፣ ሞተሩ ቢጮህም ቢቀዘቅዝም የሚወጣው ቮልት ከ14 ብዙ እንዳይርቅ ያደርጋል። የቀድሞዎቹ መኪኖች የሚሸከሙት ቀጥተኛ ከረንት የሚያመነጭ ጄኔሬተር ነበር፤ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የሚሰጠው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የሲሊከን ዳዮድ ዋጋ ሲወርድ ነገሩ ተለወጠ፤ ክራይስለር እ.ኤ.አ. ለ1960 ባወጣው ቫሊያንት አልተርኔተሩን መደበኛ ዕቃ አደረገው፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

የድካሙ ምልክቶች በርካታ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን ለብቻቸው ማስረጃ አይሆኑም። ነዳጅ ሲረገጥ የሚደምቅና ሲለቀቅ የሚፈዝ የፊት መብራት ዲናሞው እየደከመ መሆኑን ሊጠቁም ይችላል፤ የላላ ቺንጋም ይህንኑ ያደርጋል። ከፍጥነቱ ጋር የሚጨምር የፉጨት ወይም የመፋጨት ድምፅ የኩሽኔታ ነው፤ ጠዋት ሲነሳ ጮሆ ዝም የሚለው ግን ብዙውን ጊዜ የቺንጋ ነው። የባትሪ ሥዕል ያለበት ቀይ መብራት ሞተሩ እየሠራ ከበራ ቻርጅ እንደሌለ ይናገራል። ብዙ ሰው የማያየው ሌላኛው ወገኑ ነው፦ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ገና ሳይነሳ ይህ መብራት ሊበራ ይገባል። ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም መስመሩ ተቆርጧል፤ በብዙ አሮጌ መኪኖች ደግሞ ዲናሞው የመጀመሪያዋን ከረንት የሚያገኘው በዚሁ አምፖል በኩል ስለሆነ፣ አምፖሏ ብቻ ተቃጥላ ጤነኛው ዲናሞ ሳያመነጭ ይቀራል።

ፍርዱን የሚሰጠው ተስተር ነው፤ ተስተር ከባትሪ በብዙ እጥፍ ይረክሳል። መኪናው ጠፍቶ ሰዓታት ካለፉ በኋላ የተሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ግማሽ ያህል መሙላቱን፣ ከ12 በታች ደግሞ መሟጠጡን ይነግራል። ሞተሩ ሲነሳ ንባቡ ወደ 13.8 እና 14.5 መካከል መውጣት አለበት። የፊት መብራቱና የአየር ማራገቢያው ተከፍተው፣ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 2000 ዙር ሲደርስ ከ13 በታች ከሆነ ቻርጅ የለም ማለት ይቻላል። ከ15 በላይ ከወጣ ሬጉሌተሩ ሥራውን ትቷል፤ ባትሪውን እያፈላ፣ አምፖሎቹንም እያቃጠለ ይቀጥላል። ተስተሩ ወደ ተለዋዋጭ ቮልት ዞሮ ሲለካ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ከዳዮዶቹ አንዱ ተበላሽቷል። የሚያፈስ ዳዮድ መኪናው ቆሞም ባትሪውን ስለሚያወጣ፣ ሌሊቱን ሳይሠራ ያደረ ዲናሞ ጠዋት ለእጅ ሞቅ ካለ ጥርጣሬው ትክክል ነው። በአዳዲስ መኪኖች ግን ቮልቱን የሚወስነው ኮምፒውተር ነው፤ ባትሪው ሲሞላ ሆን ብሎ ዝቅ ስለሚያደርገው አንድ ንባብ ብቻውን አያስፈርድም።

ከተስተሩ ይልቅ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ ማየት የሚመርጡ መካኒኮች አሉ፤ ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው ይላሉ። ዘዴው ኮምፒውተር በሌላቸው መኪኖች ዘመን ይሠራ ነበር። ባትሪው ሲነቀል ቮልቱን የሚያረግብ ስለማይኖር ለቅጽበት እስከ 100 ቮልት ሊደርስ ይችላል፤ ሬጉሌተሩን፣ ዳዮዶቹንና ከዲናሞው ብዙ እጥፍ የሚወደደውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል የሚችለው ይህ ነው። ደህና የነበረውን ዲናሞ በምርመራ ላይ መግደል ከሁሉ የከፋ ውጤት ነው።

ንባቡ ዝቅተኛ ከሆነ ወዲያው ወደ ዲናሞ ግዢ አይኬድም። ከዲናሞው ዋና ጫፍ እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ፣ ሞተሩ እየሠራ መብራት በርቶ ሲለካ ከ0.3 ቮልት በላይ ከጠፋ በሽታው ገመዱ ላይ ነው፤ ከዲናሞው አካል እስከ ኔጋቲቩ ያለው ደግሞ ከ0.2 ማለፍ የለበትም። በባትሪው ጫፎች ላይ የሚጋገረው ነጭና አረንጓዴ ዝገት፣ የላላ ማሰሪያ፣ የተቃጠለ ፊውዝ፣ የተሰነጠቀ ቺንጋ፣ ሁሉም የዲናሞ በሽታ መስለው ይቀርባሉ።

ዲናሞው ራሱ ከታመመም ሁልጊዜ እንዳለ አይጣልም። በተለይ እንደ ኢትዮጵያ አሮጌ ኮሮላዎችና ቪትዞች በሚበዙበት አገር፣ ካርቦን መቀየር፣ ኩሽኔታ መተካት፣ ሬጉሌተር መለወጥ፣ ካስፈለገም ሽቦውን እንደገና መጠቅለል የየኤሌክትሪሺያኑ የዕለት ሥራ ነው። ካርቦን በተፈጥሮው የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ብዙ «የሞቱ» ዲናሞዎች ያጡት እሱን ብቻ ነው። ጥቅሉ ሲቃጠል ወይም ቀለበቶቹ ሲበሉ ግን መተካቱ ይሻላል። በአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ በሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ ቦታ ያገለገለ ሲገዛ አሮጌው አብሮ ይሄዳል፦ የፑሊው ጎድጓዶች ቁጥር፣ የሶኬቱ እግሮች፣ የመታሰሪያ ቀዳዳዎቹ ርቀትና አምፒሩ ይነጻጸራሉ። የብዙ አይሱዙ ጭነት መኪኖች ዲናሞ 24 ቮልት መሆኑም አይረሳም።

መቀየሩ ራሱ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ቦታው ጠባብ መሆኑ ነው። መጀመሪያ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀላል፤ ከዲናሞው የሚወጣው ወፍራም ገመድ ሁልጊዜ ከባትሪው ጋር የተገናኘ ስለሆነ፣ መፍቻው የመኪናውን ብረት ሲነካ ከባድ ብልጭታ ይፈጥራል። የቺንጋው አካሄድ በስልክ ፎቶ ይነሳል። በአሮጌ ቶዮታዎች ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በ12 እና በ14 ቁጥር ቁልፍ፣ የማጥበቂያው ብሎን ይላላል፣ ቺንጋው ይወልቃል፣ ሶኬቱ መቆለፊያው ተጭኖ ይነቀላል፤ ሽቦውን መጎተት ግን ሌላ ጉዳት ይጨምራል። ወፍራሙ ገመድ ከተፈታ በኋላ የመታሰሪያዎቹ ብሎኖች ወጥተው ዲናሞው ይወጣል። አዲሱ በተቃራኒው ቅደም ተከተል ይገባል። ረጅሙ የቺንጋ መስመር በአውራ ጣት ሲጫን አንድ ሳንቲሜትር ያህል ቢረግብ ይበቃል፤ ከዚህ በላይ የተወጠረ ቺንጋ አዲሱን ኩሽኔታ ይጨርሳል።

ባትሪው የሞተ ከሆነ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት በቻርጀር ይሞላል። ዲናሞ የተሠራው የተሞላን ባትሪ ለመጠበቅ ነው፤ ባዶውን ሲያነሳ ለረጅም ጊዜ በሙሉ አቅሙ ስለሚሠራ ይግላል፣ ገና በመጀመሪያው ቀንም ሊቃጠል ይችላል። ሞተሩ ሲነሳ ቀዩ መብራት ይጠፋል፤ የተስተሩም ንባብ መብራት፣ ማራገቢያና የኋላ መስታወት ማሞቂያ ተከፍተው ከ13.5 በታች ካልወረደ ሥራው ተሳክቷል። ቺንጋው አዲስ ከሆነ ውጥረቱ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይታያል።