ሰያፍ ሹረት፦ በትራምፖሊን ላይ ስለሚለመዱ የስኪ ዝላዮች ስያሜ

1. መግቢያ

የሙያ ቃላት ስያሜ አስቸጋሪ የሚሆነው ነገሩ በአገር ውስጥ ስላልነበረ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚመነጨው ቃሉ የተወሰደበት ቋንቋ ራሱ ነገሩን አጥርቶ ሳይሰይመው ሲቀር ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ቃልን በቃል የሚተካ ተርጓሚ ጉድለቱንም አብሮ ይተረጉመዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጽንሰ ሐሳብ ከዚህ ወገን ነው፤ ይኸውም በነፃ ስልት ስኪ ተወዳዳሪው በአየር ላይ ሳለ ሰውነቱን አዘምሞ የሚሾረው ሹረትና ይህንኑ በትራምፖሊን ላይ የሚለማመድበት ሥርዐት ነው።

ርእሱ ከአማርኛ የራቀ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ በአገር አቋራጭ ስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ ከተሰለፈ ወዲህ ስፖርቱ ለአማርኛ ጸሐፊ ፈጽሞ ባዕድ ነው ማለት አይቻልም። ከዚህም በላይ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ በረዶማ ከተሞች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች አሉ። ልጁ ወደ ማሠልጠኛ ሲገባ ወላጅ የሚፈርመው የስምምነት ቅጽ ቢተረጎም፣ ወላጁ ልጁ ምን እንዲያደርግ እንደፈቀደ የሚያውቀው ተርጓሚው የተለያዩትን ነገሮች በተለያዩ ቃላት ካስቀመጠለት ብቻ ነው። ስለዚህ የስያሜው ጉዳይ የቃል ውበት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይታይም።

አስቀድመን ስለ ስፖርቱ ስም አንድ ነገር እናስታውስ። «የበረዶ ሸርተቴ» የሚለው አነጋገር በተለምዶ በቁልቁለት ላይ በረዣዥም መንሸራተቻ ለሚደረገውም፣ በረጋ በረዶ ላይ ስለት ባለው ጫማ ለሚደረገውም ይነገራል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ስፖርቶች ናቸው። በዚህ ምክንያት ለመጀመሪያው «ስኪ» የሚለውን የውሰት ቃል ይዘናል።

2. የነገሩ ባሕርይ

ስያሜ ከመምረጥ በፊት ነገሩን መረዳት ይገባል። በአየር ላይ ያለ ሰው ሰውነቱን የሚያዞርባቸው ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ከራስ እስከ እግር በሚያልፍ ዛቢያ ዙሪያ እንደ እንዝርት ቀጥ ብሎ መሾር ነው። ሁለተኛው፣ ከዳሌ እስከ ዳሌ በሚያልፍ አግድም ዛቢያ ዙሪያ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መዞር ነው፤ በዚህኛው እግር ወደ ላይ፣ ራስ ወደ ታች ይሆናል። እኛ የምንመረምረው ዝላይ ከሁለቱ መካከል ነው። ተወዳዳሪው ሲነሣ አንድ ትከሻውን ዝቅ ያደርጋል፤ ሰውነቱ ከቀጥታው ይዘምማል፤ በዘመመበትም ሁኔታ ይሾራል። ለተመልካች የሚታየው መሾርና መገልበጥ የተቀላቀሉበት አንድ እንቅስቃሴ ነው።

የዝላዩ መጠን በዲግሪ ይቈጠራል። አንድ ሙሉ ዙር 360፣ አንድ ተኩል 540፣ ሁለት 720 ይባላል። ከዚህ ቈጠራ አንድ ጠቃሚ ነገር ይገኛል፤ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ የተነሣ ተወዳዳሪ ቁጥሩ ሙሉ ዙር ከሆነ ፊቱን ወደ ፊት እንደያዘ ያርፋል፤ ግማሽ ዙር ከተጨመረበት ግን የኋሊት ያርፋል። ኤይሊን ጉ እ.ኤ.አ. በ2022 በቤጂንግ ኦሊምፒክ በታላቅ ዝላይ ውድድር የወርቅ ሜዳልያ ስታገኝ ያሳየችው ዝላይ 1620 ዲግሪ ነበር፤ ይህም አራት ዙር ተኩል ነው። ዝላዩ በተጨማሪ «ድርብ» ተብሏል። ቁጥሩ የሹረቱን ድምር ሲያመለክት፣ «ድርብ» የሚለው ደግሞ ሰውነት ስንት ጊዜ እንደዘመመ ያመለክታል። ተርጓሚ ሁለቱን ማምታታት የለበትም።

እግር ከመነሻው ከተላቀቀ በኋላ ሰውየው ይዞት የተነሣውን የሹረት መጠን ሊጨምርም ሊቀንስም አይችልም። የሚችለው ማከፋፈል ብቻ ነው። ክንዶቹን ወደ ደረቱ ሲሰበስብ ሹረቱ ይፈጥናል፤ ሲዘረጋ ይዘገያል። የሚገለበጥ ሆኖ ከተነሣም አንዱን ክንድ ብቻ ዝቅ በማድረግ ሰውነቱን ሊያዘምም ይችላል። ስለዚህ የዝላዩ ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው በመነሻው ቅጽበት ነው። ልምምዱም ይህን ቅጽበት ደጋግሞ ማጥናት ስለሆነ በበረዶ ላይ ብቻ ሊፈጸም አይችልም፤ ትራምፖሊን የተፈለገው ለዚህ ነው።

3. ስለ ዛቢያ

«ዛቢያ» በመጀመሪያ የመጥረቢያና የመሰል መሣሪያዎች እጀታ ስም ነው። ኋላ በጂኦግራፊ ትምህርት ምድር የምትሾርበትን ሐሳባዊ መስመር እንዲያመለክት ትርጉሙ ተስፋፍቷል። በዚያው ትምህርት «ሹረት» በራስ ዛቢያ ላይ ለመዞር፣ «ዙረት» ደግሞ ሌላውን አካል ለመዞር ተለይተዋል። ይህ መለያየት ለእኛም ጉዳይ የተዘጋጀ መሠረት ነው፤ ተወዳዳሪው የሚሾረው በራሱ ላይ ነውና።

እንግሊዝኛው ይህን ዝላይ የሚጠራበት አነጋገር በቀጥታ ቢተረጎም «ከዛቢያ ውጭ» የሚል ይሆናል። ይህ ግን የነገሩን ባሕርይ ያፈርሳል። የሚሾር አካል ሁሉ በዛቢያ ዙሪያ ይሾራል፤ ያለ ዛቢያ ሹረት የለም። ሊባል የተፈለገው ዛቢያው ራሱ ከቀጥታው ወጥቷል ነው። «ከዛቢያ ውጭ» ብለን ብንተረጉም አንባቢው ተወዳዳሪው ሚዛኑን ስቶ የወደቀ ሊመስለው ይችላል።

አማራጭ ቃላት ሦስት ቀርበው ነበር። «ጋደል» የሚለው ለሚዛንና ለጭነት ይነገራል፤ ነገር ግን የመዛነፍ ስሜት አለበት፤ የጋደለ ጭነት መስተካከል የሚገባው ጭነት ነው። «ዘማማ» የሚለው ለሰውነት አቋም ተስማሚ ቢሆንም ሊወድቅ የተቃረበ ጎጆን ያስታውሳል። ከዚሁ ሥር የሚወጣው «ዝማሜ» ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ካህናት በመቋሚያ የሚያደርጉት እንቅስቃሴ ስም ስለሆነ ቦታው ተይዟል። «ሰያፍ» ግን በጂኦሜትሪ ቁምም አግድምም ላልሆነ መስመር የሚነገር፣ ጥሩም መጥፎም ስሜት የሌለበት ቃል ነው። ዛቢያ መስመር ስለሆነ «ሰያፍ» ይስማማዋል። በዚህ መሠረት ለዝላዩ «ሰያፍ ሹረት»፣ ለሰውነት ድርጊቱ ደግሞ «ማዝመም» የሚሉትን መርጠናል።

4. ስለ ግልበጣ

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሰያፍ ሹረትን ሁሉ «መገልበጥ» ብሎ መተርጎም ቀላል ነው፤ ለተመልካችም እንዲያ ይመስላል። ደንቡ ግን ይለያቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 በሶልት ሌክ ሲቲ ኦሊምፒክ ጉብታ በበዛበት ቁልቁለት በሚደረገው የሞጉል ውድድር ግልበጣ የተከለከለ ነበር። በ1998 በናጋኖ የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው አሜሪካዊው ጆኒ ሞስሊ በዚህ ውድድር ሰውነቱን አዘምሞ 720 ዲግሪ ሾረ። እግሩ ከራሱ በላይ ስላልወጣ ዝላዩ እንደ ግልበጣ አልተቈጠረም፤ ሞስሊም በአራተኛነት ፈጸመ። ክልከላው ኋላ ተነሥቷል። ነገር ግን ታሪኩ የሚያስተምረን አለ፤ የአንድ ዝላይ መፈቀድና መከልከል የተንጠለጠለው በአንድ ቃል ፍቺ ወሰን ላይ ነበር።

ስለሆነም ሁለት መለኪያዎችን ለይተን እናስቀምጣለን። የመጀመሪያው የዛቢያው አቅጣጫ ነው፤ ቁም፣ አግድም ወይም ሰያፍ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው እግር ከራስ በላይ መውጣቱና አለመውጣቱ ነው፤ «ግልበጣ» የምንለው ሲወጣ ብቻ ነው። ሰያፍ ሹረት ሁሉ ግልበጣ አይደለም፤ ከግልበጣ ነፃ የሆነውም ሁሉም አይደለም። የተርጓሚው ሥራ በጽሑፉ ውስጥ የተነገረው የትኛው እንደሆነ መርምሮ አስፈላጊ በሆነ ጊዜ «ግልበጣ ያለበት» ወይም «ግልበጣ የሌለበት» ብሎ መግለጽ ነው። «ግልባጭ» የሚለው ቃል በጽሕፈት ቤት ለደብዳቤ ቅጂ ስለተያዘ እዚህ እንዳይገባ እናሳስባለን።

መለያየቱ በትራምፖሊን ላይ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መግለጫ፣ ግልበጣ ዘላቂ የአንገት አከርካሪ ጉዳት ከሚያስከትሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ መሆኑን አመልክቶ ለመዝናኛ በሚደረግ ዝላይ እንዳይሞከር መክሯል። ከአደጋዎቹም ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚደርሱት ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲዘሉ መሆኑን ገልጿል። እንግዲህ ትከሻን ዝቅ አድርጎ መሾርን የሚያዝ መመሪያ በአማርኛ «ተገልበጥ» ተብሎ ቢቀርብ፣ ጀማሪው ያልተዘጋጀበትን ነገር እንዲሞክር መንገድ መክፈት ይሆናል።

5. ስለ ትራምፖሊንና ስለ ልምምዱ

ትራምፖሊንን በ1930ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ፣ በአዮዋ የሠሩት ጆርጅ ኒሰንና ላሪ ግሪስወልድ ናቸው። ስሙ የመጣው በስፓኝኛ ወደ ውሃ መወርወሪያ ሳንቃ ከሚጠራበት ቃል ነው፤ በመጀመሪያ የንግድ ስም ሆኖ ተመዝግቦ ኋላ የወል ስም ሆኗል። ውድድሩም እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ወደ ኦሊምፒክ ገብቷል። እንግሊዝኛው ራሱ የተዋሰውን ቃል አማርኛ ቢዋሰው የሚያስነቅፍ አይደለም።

«ማንጠሪያ» እንዲባል የቀረበ ሐሳብ ነበር። ነገር ግን «ነጠረ» ለኳስም ለቅቤም ይነገራል፤ «ማንጠሪያ» የሚለውን የሰማ አንባቢ በመጀመሪያ የሚያስበው ቅቤ የሚነጠርበትን ዕቃ ነው። ስለዚህ መሣሪያውን «ትራምፖሊን» ብለን፣ በምንጮች ተወጥሮ የሚነጠርበትን ክፍል «መንጠሪያ ሸራ» ብለነዋል።

ልምምዱ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ቀጥ ብሎ መንጠርና በሸራው መካከል ማረፍ፣ ቀጥሎ ግማሽና ሙሉ ቁም ሹረት፣ ከዚያም በአሠልጣኝ ፊት ገመድ ባለው መታጠቂያ ተይዞ ማዝመም ይመጣል። ወደ በረዶው ከመድረሱ በፊት ዝላዩ በስፖንጅ በተሞላ ጉድጓድ፣ በአየር በተነፋ ትራስ ወይም ወደ ውሃ በሚወርድ መንደርደሪያ ይፈተናል። ትራምፖሊን ዘላዩን ወደ ተነሣበት ቦታ ይመልሰዋል፤ ቁልቁለቱ ግን ወደ ፊት ይወስደዋል፤ በእግሩም ላይ የሚሾረውን የሚያከብድ ስኪ አለ። ስለዚህ «ማረፍ» የሚለው ቃል በሁለቱ ቦታዎች አንድ ዐይነት ድርጊት እንዳልሆነ ተርጓሚ ያስተውል።

6. ስለ ዝላዮች ስም

ኮርክ፣ ሮዴዮ፣ ሚስቲ የሚባሉት ስሞች የተለያዩ ሰያፍ ሹረቶች መጠሪያ ናቸው። ሮዴዮ ወደ ኋላ፣ ሚስቲ ወደ ፊት በመገልበጥ የሚጀምሩ ናቸው። ኮርክን «ቡሽ» ወይም «ቆርኪ» ማለት ስሕተት ነው፤ ስሙ የመጣው ከቡሹ ሳይሆን ቡሹን ከሚነቅለው ጥምዝ ብረት ነው። የሞስሊ ዝላይ የተጠራበትን «ዲነር ሮል» የሚለውን ስምም «የእራት ዳቦ» ብሎ መተርጎም ለአንባቢ የሚጨምረው ዕውቀት የለም። የወል ጽንሰ ሐሳብ በአማርኛ ይሰየም፤ የዝላይ መጠሪያ ግን እንደ ተጸውዖ ስም ባለበት ይወሰድ የሚለው ደንባችን ነው።

7. የቀረቡ ስያሜዎች

ሀ) ቁም ሹረት፦ ከራስ እስከ እግር በሚያልፍ ቀጥ ባለ ዛቢያ ዙሪያ መሾር።

ለ) አግድም ሹረት፦ ከዳሌ እስከ ዳሌ በሚያልፍ ዛቢያ ዙሪያ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መዞር።

ሐ) ሰያፍ ሹረት፦ ሰውነት ዘምሞ፣ ቁምም አግድምም ባልሆነ ዛቢያ ዙሪያ መሾር።

መ) ግልበጣ፦ በየትኛውም ሹረት እግር ከራስ በላይ መውጣት።

ሠ) ማዝመም፦ ሲነሡ ወይም በአየር ላይ ሳሉ ሰውነትን ከቀጥታው ማውጣት።

ረ) መንጠሪያ ሸራ፦ የትራምፖሊን ውጥር ክፍል።

ሰ) የኋሊት ማረፍ፦ ጀርባን ወደ ጉዞው አቅጣጫ አድርጎ ማረፍ።

እነዚህን ስያሜዎች የምናቀርበው በሥራ ላይ እንዲፈተኑ ነው። የሚሻል ቃል ያለው ተርጓሚ ቢያቀርብ ደስ ይለናል፤ በሰያፍ ሹረትና በግልበጣ መካከል ያለው ወሰን ግን በየትኛውም ምርጫ እንዲጠበቅ አደራ እንላለን።