ጌታቸው ኃይሌ እና የብራናዎቹ መዝገብ

ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን አብዛኛው አንባቢ የሚያውቃቸው «ባሕረ ሐሳብ»ን በመሰሉ የአማርኛ መጻሕፍታቸው ነው። በዓለም ምሁራን ዘንድ ስማቸውን ያስጠራው ግን ማንም ለመዝናናት የማያነበው ሥራ ነው፤ የግእዝ ብራና መጻሕፍት ካታሎግ።

በ1931 ሸንኮራ ተወለዱ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ካይሮ በቅብጦች ኮሌጅ ነገረ መለኮት ተምረው፣ በ1962 ጀርመን ቱቢንገን በሴማዊ ቋንቋዎች ጥናት ዶክተር ሆኑ። አገር ቤት ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ቆዩ። በ1975 የደርግ ወታደሮች ቤታቸው ድረስ መጥተው በጥይት መቷቸው፤ ከዚያ ወዲያ በእግራቸው አልሄዱም። በ1976 ሚኒሶታ ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ተቀበላቸው።

እዚያ የጠበቃቸው የፊልም ክምር ነበር። ከ1973 ጀምሮ የየገዳሙና የየደብሩ ብራና አዲስ አበባ ላይ በማይክሮፊልም እየተነሣ ቅጂው ወደዚያው ይላክ ነበርና። ካታሎግ ሲባል የርእስ ዝርዝር ብቻ ይመስላል፤ ነገሩ ሌላ ነው። ተአምረ ማርያም የተባለ መጽሐፍ መሐሉ ላይ ማንም ያላሰበውን ድርሳን ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ቅጠል በቅጠል መነበብ አለበት። ዘመን ያልተጻፈበት ከሆነ በጸሎቱ ውስጥ የተጠራው ንጉሥ ወይም ጳጳስ፣ እሱም ከሌለ የፊደሉ አጣጣል ዘመኑን ይነግራል። የባለቤቱ ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የገባበት ብራና ብዙ ነው። ትርፍ ገጾቹም ላይ የርስት ውል፣ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር ይገኛል፤ ለታሪክ ጸሐፊ አንዳንዴ ከዋናው ድርሰት የሚበልጠው ይኸው ነው።

ዊልያም ማኮምበር የጀመሩት ይህ ካታሎግ 10 ቅጽ ደርሷል። ጌታቸው የማክአርተር ሽልማት ያገኙት በ1988፣ ገና በዚሁ ሥራ ላይ ሳሉ ነው።

ለእኔ ትልቁ ነገር ከዚያ ንባብ የወጣው ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ለእመቤታችንና ለመስቀል እንዲሰገድ አዘዙ። የአባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ከአብ፣ ከወልድና ከመንፈስ ቅዱስ በቀር ለማንም አንሰግድም ብለው ተገረፉ፣ ተሰደዱ፣ ተገደሉ። ጌታቸው በ1992 ስለ ንጉሡ የማርያም ትምህርት ሮም ላይ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ኋላ ደግሞ የአሳዳጁን ድርሰት ባነበቡበት ጥንቃቄ የተሳዳጆቹን ገድል ከግእዝ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ መለሱ። እስከዚያ ድረስ ደቂቀ እስጢፋኖስን አብዛኛው ሰው ያውቃቸው የነበረው ባላጋራዎቻቸው በሰጧቸው ስም፣ «ፀረ ማርያም» ተብለው ነበር።