ቀድመው የሚደርሱልን አስጋሪዎች

በሐዋሳ በአንድ ጤና ጣቢያ በነርስነት ሳገለግል፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዓሣ አስጋሪዎች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ተሸክመው መጡ። ከሐይቁ ያወጡት በእንጨት ጀልባቸው ነበር። ዳር የነበሩ ሰዎች ግን «ውኃው ይውጣለት» ብለው እግሩን ይዘው ዘቅዝቀውት ቆይተዋል። ውድ ደቂቃዎች ያለቁት እዚያ ነው፤ ልጁ አልተረፈም።

ወላጆች ሆይ፣ የሰጠመ ሰው የሚፈልገው አየር ነው። እስትንፋስ ከሌለው በጀርባው አስተኙት፤ አገጩን ቀና አድርጋችሁ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ 5 ጊዜ በአፉ እፍ በሉበት። ከዚያም ደረቱን 30 ጊዜ መጫን፣ 2 ጊዜ እፍ ማለት፤ እርዳታ እስኪደርስ አታቋርጡ።

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1824 የተመሠረተው የነፍስ አድን ጀልባ ተቋም ዛሬም በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች ይሠራል፤ ወጪውን የሚሸፍነው በዋናነት የሕዝብ መዋጮ ነው። ዓሣ አጥማጆችም ያዋጣሉ፤ ማን እንደሚደርስላቸው ያውቃሉና።

እኛስ? አሞራ ገደል ዓሣ የምንበላ፣ ፍቅር ሐይቅ ልጅ የምናዝናና ሁሉ፣ አደጋ ቢመጣ ቀድሞ የሚደርስልን በአቅራቢያው ያለ አስጋሪ ነው። ለእድር ማዋጣት ለምደናል። ከዚያው ጥቂት ቀንሰን ለጀልባዎቹ የሕይወት አድን ጃኬትና ገመድ ብንገዛስ? እድራችን አንዳንዴ ከለቅሶ በፊት ይድረስ።