ወደ በረዶው ተራራ የአንድ ቀን ጕዞ

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማ ለትምህርት የተቀመጠ ወጣት፥ ስኪ የሚባለውን ረዥም ሳንቃ በእግሩ አስሮ በበረዶ ላይ መንሸራተት ቢያምረው፥ ቀኑን የሚበላበት ተራራው ሳይሆን መንገዱ ነው። ቅዳሜና እሑድ መኪናው ሁሉ በ70 ቍጥር አውራ ጐዳና ይጐርፋል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የተከፈተውና 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ ሲደርስም እንደ ጠባብ ጕረሮ ያንቀዋል።

እንግዲህ የሚቻለው ሰው ማክሰኞን ወይም ረቡዕን ይምረጥ። ያልተቻለው ከሌሊቱ በ11 ሰዓት ይነሣ፤ ወይም ከዋሻው ወዲህ፥ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ባለው በላቭላንድ ይብቃው። ሲመለስም ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት፥ አለዚያም ከመሸ በኋላ ይሁን።

እኛስ ባቡሩን እንመርጣለን! በብርዱ ወራት ከዴንቨር ተነሥቶ፥ በ1928 የተከፈተውን የ10 ኪሎ ሜትር የሞፋት ዋሻ አልፎ፥ ዊንተር ፓርክ መንሸራተቻው አጠገብ ያወርዳል። ቲኬቱን ግን አስቀድሞ መቍረጥ ነው።