ስለ ዶሮ ምንቁር መጣመም የሚባለውና እውነተኛው ምክንያት

ከአርባ ምንጭ ከተማ የሲቀላ ሰፈር ጓሮዎች አንሥቶ እስከ ጨንቻ ደጋ ድረስ ዶሮ የሚያረባ ሰው አንድ ቀን ሊገጥመው የሚችል ነገር አለ፤ ይኸውም የላይኛው ምንቁሩ ወደ አንድ ወገን፣ የታችኛው ወደ ሌላው ተዛንፎ፣ ጥሬ ሊለቅም ሲያጎነብስ ፍሬውን ከመሬት ማንሣት የተሳነው ጫጩት ነው። ይህን ያየ ሰው ምክንያት መፈለጉ የተፈጥሮ ጠባዩ ነው፤ ዳሩ ግን በችኮላ የተገኘ ምክንያት ብዙ ጊዜ በጎረቤት ዐይን ላይ ያርፋል፤ «ቡዳ በልቶት ነው» ይባላል። በጋሞ ደጋም ሥርዐትን የተላለፈ ሰው በራሱ፣ በከብቱና በአዝመራው ላይ መከራን ይጠራል የሚለው የጎሜ እምነት ጥንታዊ ነው። ሰውን ከሰው ሲያስታርቅ የኖረውን የአባቶች ሥርዐት አላቃልልም፤ ነገር ግን ስለ አንድ ጫጩት ምንቁር ንጽሕት ጎረቤት ስትታማ ዝም ማለት አይገባም።

ነገሩ የሚጀምረው ከእንቁላሉ ውስጥ ነው። ጽንሱ ከ21ዱ የመታቀፊያ ቀናት ገና በመጀመሪያው ሳምንት ምንቁር ማውጣት ይጀምራል፤ የራስ ቅሉ አጥንት ከሁለቱ ወገን በአንዱ ቀድሞ ካደገ ምንቁሩም ዐብሮ ይጣመማል። ጉድለቱ በሚፈለፈልበት ዕለት ሳይታወቅ ቈይቶ ከሳምንታት በኋላ ሊገለጥ ስለሚችል፣ ባለቤቱ «ትናንት ደኅና ነበረ» ብሎ ትናንት የመጣውን እንግዳ ይጠረጥራል፤ የሐሜቱ ምንጭ፣ እንደሚመስለኝ፣ ይህ የጊዜ መዘግየት ነው።

ከምክንያቶቹ ሁሉ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ዘር ነው። አንድ አውራ ዶሮ በአንድ ጓሮ ለብዙ ጊዜ ብቻውን ሲኖርና ከገዛ ልጆቹ ጋር ሲራባ፣ በአባትና በእናት ተሰውሮ የኖረው ጉድለት በልጆች ላይ ይገለጣል፤ ስለዚህ አውራውን ከሩቅ መንደር በመጣ ሌላ መለወጥ ከማናቸውም መድኃኒት ይበልጣል። ከዘር ቀጥሎ የመታቀፊያው ሁኔታ ይታያል፤ ነጎድጓድ ጽንሱን እንዳያበላሽ ከእንቁላሉ ሥር ምስማር ወይም ሌላ ብረት ማኖር በብዙ ገጠር የተለመደ ቢሆንም፣ ብረቱ ምንቁር አያቀናም፤ ጽንስን የሚጎዳው የሙቀት ከልክ ማለፍና መጉደል ነው።

የምግብ ጉድለትም ድርሻ አለው። ካልሲየም ወይም ቫይታሚን ዲ ያነሰው ጫጩት ምንቁሩ ልል ሆኖ በቀላሉ ይጎብጣል፤ በደጋው ክረምት በጨለማ ቤት ተዘግቶ የሚያድገው ጫጩት ፀሐይን ስለሚያጣ ለዚህ የተጋለጠ ነው። የካልሲየሙን ጉድለት ለመሙላት የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፣ ደርቆ የተወቀጠ የአባያና የጫሞ ዓሣ አጥንት፣ እንዲሁም የአገሩ ሰው ሀለኮ የሚለው የሽፈራው ቅጠል በዚያው በእጃችን የሚገኙ ናቸው። መኖው እንደ ዱቄት ከላመ ግን በጫጩቱ አፍ ውስጥ ተለጥፎ ምንቁሩን ሊያበላሽ ይችላል።

ከዘር ወይም ከምግብ የመጣ መጣመም ወደ ሌሎች ዶሮዎች አይጋባም። የሚጋባው፣ በቆላው በወባ ትንኝ አገር ብዙዎች ከዚህ ጋር የሚያምታቱት፣ የዶሮ ፈንጣጣ ነው፤ ይህ በፊትና በምንቁር ዙሪያ እከክ ያወጣል፣ ትንኝም ያዛምተዋል።

ምንቁሩን በቢላዋ ቈርጦ ማቅናት ደግሞ ጭካኔ ነው፤ በውስጡ ደምና ስሜት አለና። ከመጠን በላይ የረዘመውን ጫፍ ብቻ በሞረድ ቀስ አድርጎ መሞረድ፣ መኖውንም በውኃ አርሶ በጥልቅ ዕቃ ማቅረብ ይበቃል። እንዲህ ያለችው ዶሮ ሥጋዋ ንጹሕ ነው፤ እንቁላሏም ይበላል፤ ለመታቀፍ ግን አይመረጥ።